ካፖርት የለበሰ ቡና

እጆቿ ከነጭ አቡጀዴ የተቆረጠች ትንሽ ጨርቅ በሽቦ ቀለበት ዙሪያ እየቀመቀሙ ነበር። ጨርቋ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ሾል ያለች ናት። መርፌዋ ገባ ወጣ ስትል ለዓይን አትያዝም። ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ያለ ደቃቅ ሥራ ሲይዛት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ነው የምትሰፋው። ባሏ ከመኝታ ክፍል ብቅ ሲል ግን ደንግጣ ጨርቋን ከጉልበቷ ሥር ሸጎጠቻት።

"ያቺ ምንድን ናት?"

"ምንም አይደለች።"

"አየኋት እኮ! የሕፃን ቆብ ናት። ጭንቅላቱ እንደ ካሮት የሾለ ልጅ ደግሞ ማን ወለደ?"

"ሂድ ወደዚያ! ባርኔጣህን አድርግና መንገድህን ቀጥል።"

ይህን ያለችው ለቀልድ ነበር። እሱ ግን እንደተባለው ባርኔጣውን አደረገና ሄደ። ደረጃውን ሲወርድ የጫማውን ኮቴ አብራው ቆጠረች። ሦስት ፎቅ፣ አርባ ስምንት ደረጃ። የውጭው በር "ዷ" ሲል መርፌዋን እንደገና አነሳች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነዳ። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ደክሞት ይገባል። ባልና ሚስት ጠዋትን ፊት ለፊት ተያይተው የሚያሳልፉት በእሁድ ብቻ ነበር፤ እሱም ተራ ካልደረሰው። "ጡረታው ይምጣ ብቻ" ትል ነበር እሷ። በመስኮቱ አጠገብ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት አስቀመጠች። ለእሱ ወንበር ከተረፈ ሰማያዊ ቬልቬት ሽፋን ሰፋችለት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ መቀመጫ የፈጀው ወገብ ይረፍበት ብላ።

ጡረታው መጣ። አንድ ሳምንት ወንበሩ ላይ ተቀመጠላት። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መታጠፊያው ላይ ወዳለው ካፌ ወረደና ስድስት ሰዓት ሲል ተመለሰ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሙሉ እንዲሁ ሆነ።

"እዚያ ምን አለ?" ብላ አንድ ቀን ጠየቀችው።

"ቡናው ነዋ። የዚያ ቤት ቡና ሌላ ነው" አላት። ይህን ሲል ዓይኑ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

እሷ ዓይኑን ልብ አላለችም፤ ቃሉን ግን ያዘች። እውነትም ደግሞ የእሷን ቡና ቡና ብሎ መጥራት ድፍረት ነበር። ከቆርቆሮ አንድ ማንኪያ ዱቄት ትዝቃለች፣ ሙቅ ውሃ ትቸልስበታለች፣ አለቀ። ሥራ በበዛበት ቀን ደግሞ ስኒው ስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ይቀዘቅዝና ክር ይገባበታል። "እንግዲህ በቡና የሄደ በቡና ይመለሳል" አለች ለራሷ። ጠዋቱን ለሌላ ቤት ለቃ ልትቀመጥ አልፈለገችም። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀችው ጠዋት ነዋ።

ሰው ዘንድ ሄዶ "አስተምሩኝ" ማለት ለእሷ ከተራራ መውጣት ይከብዳታል፤ ዓይነ አፋር ናት። ካፌውንም አንድ ቀን ረግጣው አታውቅም። ዕድል ሆኖ ግን የካፌው ቡና ቀጂ፣ ሳቂታዋ ልጅ፣ ሁለት ሽርጥ ልታሰፋ በዚያው ሰሞን መጣች። ልብስ ሰፊዋ ወገቧን እየለካች፣ ፊቷን ወደ ሜትሩ ደፍታ ጠየቀቻት።

"ልጄ፣ ቡና... እንዲህ ቤት ውስጥ... እንደ እናንተ ማድረግ ይቻላል?"

"ውይ እትዬ፣ ከእኛም ያስበልጡታል! የተቆላ ፍሬ ይግዙ፤ ሲፈልጉ ብቻ ይፍጩ። እንደ ዱቄት አይላም፣ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሁን። ውሃው ፈልቶ ሲወርድ እስከ ሠላሳ ቆጥረው ይጠብቁት፤ እሳት እንደያዘው ቢያፈሱበት ያሳርረዋል። ቀስ አድርገው በጨርቅ ያጥልሉት።"

"ጨርቁንስ ለእኔ ተይው" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ።

"ዋናው ግን አቀማመጡ ነው። ፀሐይና እንፋሎት አይወድም። ጨለማና ደረቅ ቦታ ያኑሩት።"

ሁሉንም በልኬት ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከልጅቱ ደረትና ወገብ ቁጥር ሥር፣ በዚያው እርሳስ፣ "አሸዋ። ሠላሳ። ጨለማና ደረቅ" ይላል።

ወፍጮ ነበራት፤ ከእናቷ የወረሰችው፣ ባለ እጀታ፣ ከሥሩ ትንሽ መሳቢያ ያለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ግን መሳቢያው የስፒል ማኖሪያ ነበር። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው፣ መሳቢያውን ገልብጣ ነቀነቀችው፣ ደግማ ነቀነቀችው። ቆቧን፣ ማለት ማጥለያዋን፣ ሰፍታ ጨረሰች። ለፍሬውም ከዚያው አቡጀዴ ባለማሰሪያ ከረጢት ሰፋችለት።

ጨለማና ደረቅ ቦታ ፍለጋው ነው የቸገራት። ወጥ ቤቱ በካውያ የምትተኩስበት ነው፤ ግድግዳው ሳይቀር በእንፋሎት ያልበዋል። የመስኮቱ ክፍል ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው። አስባ አስባ ፊቷ በራ። ቁምሳጥኑ! ከቁምሳጥን የጨለመ፣ ከቁምሳጥን የደረቀ ምን አለ? የብርዱ ወራት እየቀረበ ስለነበር ቁምሳጥኑ በደንበኞቿ ካፖርት ጢም ብሏል። ገበሩ የሚቀየር፣ ክንዱ የሚጠብ፣ ቁልፉ የወለቀ፣ ሁሉም እዚያ ነው። የቡናውን ከረጢት በትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ ትልቅ ጥቁር ካፖርትና በአንድ ቡኒ ካፖርት መካከል ሰቀለችው። በእጇ መታ መታ አድርጋ እንደ ሕፃን አስተኛችው።

በማግሥቱ ጠዋት ባሏ ባርኔጣውን ሲፈልግ ሰማያዊው ወንበር ላይ አገኘው፤ ከፊቱ ደግሞ ስኒ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቁጭ በልና ቅመሰው።"

ተቀመጠ። ስኒውን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ቆም አለ።

"ምነው?"

"ኧረ ምንም። ሽታው... ሽታው ጠንካራ ነው።"

ተጎነጨ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ እንደ መድኃኒት በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ መርፌዬ" አለና ተነሥቶ ባርኔጣውን አደረገ። አርባ ስምንት ደረጃ። "ዷ።"

ተስፋ አልቆረጠችም። በመጀመሪያ ሙከራ ልኩን የሚመታ ቀሚስ የለም። በሁለተኛው ቀን ቡናውን ጨመር አደረገችው። በሦስተኛው ወፍጮውን አላላችው። በአምስተኛው እስከ ሠላሳ ሳይሆን እስከ አርባ ቆጠረች። ራሷም አብራው ትጠጣለች፤ ለእሷ ደህና ነበር፣ እንዲያውም የሚያሞቅ። እሱም በየቀኑ ይቀምሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ "ጠንካራ ነው" ይላል፣ ይመርቃታል፣ ይወርዳል። ጠንካራ ማለት ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልገባትም። "ጠንካራ ከሆነ ታዲያ ለምን አይዘውም?" ብላ ብቻዋን ትጠይቃለች፤ የሚመልስላት የስፌት መኪናው ነው።

በዘጠነኛው ቀን፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ቡና ቀጂዋ ሽርጦቿን ልትወስድ መጣች። ልብስ ሰፊዋ አፏ እየተሳሰረ "አንዴ ብትቀምሽልኝ..." ብላ አንድ ስኒ አቀረበችላት።

ልጅቱ ስኒውን አነሣች፤ አሸተተች፤ ዓይኗ ፈጠጠ። ትንሽ ቀመሰችና አፏን በአዲሱ ሽርጥ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"እትዬ፣ እንዳይቆጡኝ።"

"ተናገሪ፤ አልቆጣም።"

"ይሄ ቡና ካፖርት ለብሷል!"

ከዚያ ሣቋን ልትይዘው አልቻለችም። ልብስ ሰፊዋ ምንም ስላልገባት ቆማ አየቻት።

"የት ነው ያስቀመጡት?"

"እንዳልሽኝ ነዋ። ጨለማና ደረቅ ቦታ።" ቁምሳጥኑን ከፈተችላት።

ልጅቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። በየካፖርቱ ኪስ፣ በየመደርደሪያው ጥግ፣ ብል እንዳይበላው የተበተነ ናፍታሊን ነበር፤ እንደ በረዶ የነጣ፣ እፍኝ እፍኝ የሚሞላ። ልብስ ሰፊዋ ሽታውን ከረሳችው ዘመን የለውም። አርባ ዓመት አብሯት ኖሯል፤ ዳቦዋም ሻይዋም ትንሽ ትንሽ እሱን ይላሉ። የለመደ አፍንጫ ዳኛ አይሆንም።

"ኸረ ጉዴ!" አለች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና። "ስምንት ቀን፣ ዛሬን ጨምሮ ዘጠኝ! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ካፖርት አጠጣሁት!"

"ለካስ ጋሼ ሰሞኑን ገና ከመግባታቸው 'ውሃ፣ ውሃ' የሚሉት ወደው አይደለም!"

"ታዲያ የእናንተን ቡና መውደዱ ይፈረድበታል?"

"ማን? ጋሼ?" ልጅቱ ሣቋን ገታች። "ጋሼ እኮ ቡና አይጠጡም ማለት ይቻላል፣ እትዬ። አንዷን ስኒ አቅፈው ነው የሚያረፍዱት። የትናንቱን ጋዜጣ ሁለቴ ያነቡታል። መስኮቱ ሥር ይቀመጡና የእናንተን በር ያያሉ። እኔ አንዳንዴ የቀዘቀዘውን አንሥቼ እደፋዋለሁ።"

ልጅቱ ሽርጧን ይዛ ከሄደች በኋላ ልብስ ሰፊዋ የዳይሬክተሯን ካፖርት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁልፍ መትከል ጀመረች። ቡናው ካልሆነ ምንድን ነው? ከእሷ መሸሽ ነው?

ስድስት ሰዓት ላይ ኮቴው ደረጃው ላይ ተሰማ። ገና በሩን ሳይዘጋ ተቀበለችው።

"ዘጠኝ ቀን ሙሉ ናፍታሊን ስትጠጣ አፍ የለህም?"

ባርኔጣውን እንዳንጠለጠለ ቀረ። "ማን ነገረሽ?"

"እሱን ተወው። ለምን ዝም አልክ?"

"ሚስቴ አፍልታ! ደግሞስ ምን አጣሁ? ሆዴን ብል አይበላውም።"

ልትስቅ ነበር፤ ግን አልሳቀችም። "ሰውዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ካፌው ውስጥ ቡናህን እንደማትጠጣው ሰምቻለሁ። ከዚህ ቤት የሚያባርርህ ምንድን ነው?"

ሰማያዊው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አውቶቡስ ለማቆም ቦታ እንደጠበበው ሹፌር ወዲያና ወዲህ አየ።

"ዳቦ ጋጋሪዋን ታስታውሻለሽ? ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ቀሚስ ልትለካ መጣች። እኔ እዚህ ተገትሬያለሁ። አየችኝና ቀላች። 'ነገ እመለሳለሁ' አለች። ተመለሰች?"

"በሳምንቷ ነው የመጣችው።"

"አየሽ! የምትሰፊበት ክፍል ይኸው አንድ ነው፤ ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት እዚሁ ልብስ ይለካሉ። ወንድ እንደ ቆጥ ላይ ዶሮ ተጎልቶ ሲያያቸው ማን ይመጣል? አርባ ዓመት ያቆምሽውን ሥራ በጡረታዬ ላፈርሰው? ስለዚህ ወረድኩ። ቡናው ሰበብ ነው። የመጨረሻዋ ሴት ስትወጣ በመስኮት አይቼ እመለሳለሁ።"

እሷ በኩርፊያ ዓይነት ድምፅ እንዲህ አለች።

"አርባ ዓመት ለሰው ሁሉ መጋረጃ ስሰፋ ኖሬ ለራሴ ቤት አንድ መጋረጃ አቃተኝ?"

እሱ ቀና ብሎ አያት። ይህ ለሁለቱም በአምስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣላቸውም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እሱ ወንበር ላይ ቆሞ ሽቦ ወጠረ፤ እሷ ከግድግዳው እስከ ቁምሳጥኑ የሚደርስ ወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ ቀለበት አበጅታ ሰቀለች። "ግራ አለ፣ ቀኝ አለ" እያለች ታስተካክለዋለች። "መሪ እንጂ ሽቦ መች ይዤ አውቃለሁ" ይላታል። የቆየውን ፍሬ ጣሉት። አዲሱን ሄዶ ያመጣው እሱ ነው፤ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ተደርጎ ከመጋረጃው ማዶ ካለው የሳህን ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከካፖርቶቹ ስምንት እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። እርምጃውን ሁለቴ ለካችው።

በማግሥቱ፣ ቅዳሜ፣ ልብስ ሰፊዋ የምትቸኩልበት ጉዳይ ነበራት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሚወሰደው የዳይሬክተሯ ካፖርት ስድስት ቁልፍ ነው፤ አምስቱን ተክላለች፤ ስድስተኛው ጠፍቷል። አምሳያውን ከቁልፍ ሻጩ መግዛት አለባት፤ ሱቁ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። "ሦስት ሰዓት ላይ ውልቅ እላለሁ" ብላ ቦርሳዋን በሩ ላይ አንጠልጥላለች።

ወፍጮውን ግን እሱ ቀማት። በጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ይዞ፣ ማርሽ እንደሚቀይር ሰው ፊቱን አኮማትሮ ያዞረው ጀመር። "ዳገት ነው" ይላል። ውሃው ወረደ፤ አብረው ቆጠሩ፤ ሃያ ላይ ተሳሳቱና እንደገና ጀመሩ። እሷ በክብ በክብ አፈሰሰች፤ ማጥለያዋ ጠብ ጠብ አለች።

"በል፤ ዛሬ ዋሽተህ ከሆነ ወዮልህ።"

ቀመሰ። አላመጠው ማለት ይቻላል። "መረር ብሏል።"

ፊቷ እንዴት እንደበራ! ዘጠኝ ቀን "ጠንካራ ነው" ስትባል ያላገኘችው ደስታ ነው።

"ወፍጮህን አድቅቀኸው ነዋ! ስጠኝ፤ ላላ ላድርገው።"

ሁለተኛው ስኒ ልክ መጣ። እሱ ዓይኑን አልጨፈነም። በመካከል ዳቦ ጋጋሪዋ አዲስ ቀሚስ ልትለካ መጥታ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። እሱ ከወንበሩ አልተነሣም፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

"አላየሁም፤ አልሰማሁም!" አለ ጮክ ብሎ።

"ቡናውን ግን እኔም ሸተተኝ" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ከመጋረጃው ወዲያ። "ለዚህኛው ጎን አይደርስም?"

ሦስተኛው ፈላ። ዳቦ ጋጋሪዋ ጠጥታ ሄደች። እሱ ስለ ድሮ መስመሩ ያወራላት ጀመር፤ ሁልጊዜ እዚያው አንድ ፌርማታ ላይ ጃንጥላ ትረሳ ስለነበረች ሴትዮ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምታው የማታውቀው ወሬ ነው። የግድግዳው ሰዓት አምስት ተኩል አለ።

"ቁልፉስ?" አላት ድንገት። "ሊዘጋ ነው እኮ።"

በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቦርሳዋን አየች። በስኒው ውስጥ የቀረውን አየች።

"ዳይሬክተሯ እስከ ሰኞ በአምስቱ ትቆልፈው" አለችና ስኒዋን ዘረጋችለት። "ከዚያስ? ጃንጥላዋን አገኘች?"