እማሆይ ያልተጻፉበት ዓመት

እማሆይ አመተ ማርያም ቆብ ከመድፋታቸው በፊት ወይዘሮ አዝመራ ይባሉ ነበር። ከአርብ ገበያ ቁልቁል በሚያወርደው መንገድ ዳር ባለችው መንደር፣ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ቤቱንም መሬቱንም የሚያስተዳድሩት እሳቸው ነበሩ። በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ልጃቸው ላቀው ቢሆንም፣ ምን እንደሚዘራና የትኛው ማሳ ጦም እንደሚያድር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ቁጡ አልነበሩም። አንዴ የተናገሩትን ግን አይመልሱም።

የጤና መድህን ወደ ቀበሌው ሲመጣ በመንደሩ መጀመሪያ የተመዘገቡት ወይዘሮ አዝመራ ነበሩ። ነገሩ በስብሰባ ሲነገር ብዙ ሰው አልገባውም ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ እህል ከተሰበሰበ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ የአባላቱ ፎቶግራፍ በአንድ መታወቂያ ላይ ይወጣል፤ የታመመ ሰው መታወቂያውን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሳይከፍል ይታከማል፤ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። ጎረቤታቸው ሀይሉ ይህን ሰምቶ፣ ሳልታመም ለሐኪም የምከፍል ምን ሆኜ ነው፣ ዓመቱን በጤና ከከረምሁስ ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል አለ። ሰዉ ሳቀ። ወይዘሮ አዝመራ ከተቀመጡበት ሳይነሱ መለሱለት።

«ለቅሬ ስታዋጣ ኖረሃል። ዘንድሮ አልሞትሁምና ገንዘቤን መልሱልኝ ብለህ ታውቃለህ?»

ሳቁ ወደ ሀይሉ ዞረ። በዚያ ዓመት ሀይሉም ተመዘገበ። ያልገባው ሰው ቀበሌ ከመሄዱ በፊት ወይዘሮ አዝመራ ቤት ጎራ ማለት ጀመረ፤ እሳቸውም ያችኑ የቅሬ፣ የቀብር ዕድሩን፣ ምሳሌ እየነገሩ ብዙ ሰው አስመዘገቡ።

የስኳር በሽታ እንዳለባቸው የታወቀውም በዚሁ መታወቂያ ነው። ውኃ ጥሙ አልለቅ ሲላቸውና ሰውነታቸው ሲከሳ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ደማቸው ታየ፤ ክኒን ታዘዘላቸው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ፣ አርብ ለገበያ ሲወጡ፣ ክኒናቸውን ተቀብለው ይመለሱ ነበር።

ላቀው ሰብለን አግብቶ ልጆች ሲወልድ፣ ወይዘሮ አዝመራ የቆየ ሐሳባቸውን ለነፍስ አባታቸው ለመምሬ ቀለመ ወርቅ ተናገሩ። ቆብ በደፉበት ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ተኝተው በነጭ ጨርቅ ተሸፈኑ። ለሞተ ሰው የሚነበበው ግንዘት ተነበበላቸው። ላቀው ከወንዶቹ መካከል ቆሞ የእናቱን ፍትሐት እናቱ በሕይወት እያሉ ሰማ። ሴቶቹ አለቀሱ። ጸሎቱ ሲያልቅ የተሸፈኑት ተነሡ፤ አዝመራ የሚለውም ስም በዚያው ቀረ።

መሬቱ በላቀው ስም ዞረ። ለእማሆይ በጓሮ በኩል አንዲት ትንሽ ጎጆ ተሠራችላቸው፤ ሰብለ ምግባቸውን እዚያው ታደርስላቸው ነበር። ላቀው ሲወጣ ሲገባ እንደ ልማዱ «እማ» ብሎ ይጠራቸዋል። ዝም ይሉታል። አንድ ቀን ግን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እናቱ እንደ ሞተች፣ ፍትሐቷንም ራሱ ቆሞ እንደ ሰማ፣ ከእንግዲህ እንደ ማንኛውም ሰው እማሆይ እንዲላቸው ነገሩት። ላቀው ለመልመድ ጊዜ ወሰደበት፤ በመጨረሻ ግን ለመደው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ መሐሪ ለመድህኑ እድሳት መጣ። ወጣት ነው፤ ፎቶግራፉን በስልኩ ያነሣል። የቤቱ ኃላፊ ስለ ተለወጠ አባላቱን ሁሉ እንደገና መመዝገብ ነበረበት። ላቀውን ከሀይሉ ጋር አውድማ ላይ ጤፍ ሲወቃ አገኘው። ላቀውን፣ ሰብለንና ልጆቹን አንድ በአንድ በጎተራው ጥግ እያቆመ አነሣ። ከዚያ ከጎጆዋ ደጃፍ ወደተቀመጡት እማሆይ ሄዶ እንዲነሡለት ጠየቃቸው።

«ምን ብለህ ልትጽፈኝ ነው?» አሉት።

«የቤቱ ኃላፊ እናት ብዬ ነዋ።»

«የላቀው እናት ሞታለች።»

«ታዲያ የምታነጋግረኝ ማን ናት?» አለ መሐሪ እየሳቀ።

«አንዲት መነኩሲት።»

«እማሆይ፣ ቅጹ ላይ ሚስት አለ፣ ልጅ አለ፣ እናት አለ። መነኩሲት የሚል የለም።»

«እንግዲያው ተወኝ። የሞተ ሰው ለቅሬ ሲያዋጣ አይተሃል?»

ሀይሉ ከአውድማው ሆኖ ይሰማ ነበር። ለሐኪምም ለቅሬም የማይከፍል ሰው ገና ዛሬ አገኘን፣ እኔንም አመንኩሱኝ ብሎ ቀለደ። እማሆይም ፈገግ አሉ፤ ግን አልተነሡም።

መሐሪ ላቀውን ለብቻው ወስዶ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ አስረዳው። ምዝገባው በጥር መጨረሻ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ የሚቀጥለው መኸር እስኪደርስ ስም አይጨመርም። ለእናት የሚከፈለው ጭማሪ ትንሽ ነው፤ የጎደለው ፎቶግራፋቸው ብቻ ነው።

ላቀው እስከ ጥር መጨረሻ አልተኛም። መጀመሪያ ራሱ ለመናቸው፤ ከዚያ ሰብለ ለመነቻቸው። እማሆይ የሚሉት አንድ ነው፤ በመሠዊያ ፊት ልጅ የለኝም ብዬ ወጥቼ፣ ለክኒን ብዬ በመንግሥት ወረቀት ልጅ አለኝ አልልም። ላቀው ወደ መምሬ ቀለመ ወርቅ ሄዶ ሊጠይቅ አስቦ ነበር። ሁለት ሦስቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደርሶ ተመለሰ። አራሽ ስለ ምንኩስና ምን አገባው የሚሉት መሰለው፤ ደግሞም እናቱን ለነፍስ አባታቸው የከሰሰ ሊሆን ነው። ጥር አለቀ።

በየካቲት እማሆይ እንደ ቀድሞው ጤና ጣቢያ ሄዱ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ አዲሱን መታወቂያ አገላብጣ አየችና እርስዎ እዚህ ላይ የሉም፣ በገንዘብዎ ይግዙ አለቻቸው። መነኩሲት ገንዘብ አትይዝም። ወደ ጎጆአቸው ተመልሰው ለማንም አልተናገሩም። ላቀው ክኒኑን ልግዛልዎት ሲላቸው፣ ካለፈው የተረፈ አለኝ ይሉት ነበር። የተረፈው እስከ ሁዳዴ እኩሌታ እንኳ አልደረሰም። ላቀው አመናቸው። በሕይወቱ ውሸት ሲናገሩ ሰምቷቸው አያውቅም።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡና ብርዱ በረታ። እማሆይ እግራቸውን ወደ ምድጃው አስጠግተው ይጸልዩ ነበር። የቀኝ እግራቸው መቃጠሉን ግን አላወቁም። ሰብለ ምሳ ይዛ ስትገባ ደስ የማይል ሽታ ሸተታት፤ የሞተ አይጥ መስሏት ጎጆዋን ፈተሸች። ከዚያ ነጠላቸውን ገልጣ እግራቸውን አየች። ከአውራ ጣታቸው ጀምሮ እስከ ውስጥ እግራቸው ጠቁሮ ውኃ አዝሏል።

«ይህን ያህል ሲሆን እንዴት ዝም አሉ?» አለች ሰብለ።

«አላመመኝማ፣ ልጄ። ያላመመኝን ምን ልበል?»

ላቀው በቅሎ ለምኖ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ነርሱ ቁስሉን አይቶ፣ ደማቸውን መርምሮ፣ ስኳሩ እግራቸውን እንዳደነዘዘው ነግሯቸው፣ ክኒን ካቋረጡ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ጠየቀ። ያን ጊዜ እውነቱን ተናገሩ። ላቀው አጠገባቸው ቆሞ ሰማ። ነርሱ ወደ ደብረ ታቦር ሪፈር ጻፈላቸው። ወረቀቱን ሲሰጠው ግን በመታወቂያው ላይ ስለሌሉ የሆስፒታሉ ወጪ በሙሉ በራሱ እንደሆነ ነገረው። ላቀው ለመሐሪ ደወለ። መሐሪ ከልቡ አዘነ፤ ነገር ግን ምዝገባው ተዘግቷል፤ እሱ ዛሬ ቢጽፋቸው ወረዳው አይቀበለውም።

በማግሥቱ የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ሲያወጣቸው መምሬ ቀለመ ወርቅ መስቀላቸውን ይዘው ተከተሉ። ላቀውን ከሰው ነጥለው ለምን ሳይታከሙ እንደቆዩ ጠየቁት። ላቀው ስለ ቆቡና ስለ ምዝገባው የሆነውን ሁሉ ነገራቸው።

«ማን ከለከላት?» አሉ መምሬ ቀለመ ወርቅ። «እኛ የገነዝነው ፈቃዷን ነው፤ እግሯን አይደለም። በታኅሣሥ መጥተህ ብትነግረኝ ጠርቼ ተጻፊ እላት ነበር። እሺም ትለኝ ነበር።»

ላቀው ይህን ለእናቱ አልነገራቸውም። የነገራቸው ተራውን ጨርሶ ከኋላ ሲከተል የሰማ አንድ ቃሬዛ ተሸካሚ ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ቁስሉ ወደ አጥንት ዘልቆ ነበር። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ላቀው ለቀዶ ሕክምናው አንዱን በሬ ሸጠ። አንድ በሬ እስካለው ድረስ ከሀይሉ ጋር ተቀናጅቶ ማረስ ይችል ነበር፤ ሀይሉም እሺ ብሎት ነበር። ነገር ግን ቁስሉ አመረቀዘና እማሆይ በሆስፒታሉ ሰነበቱ፤ መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛ ጀመር፤ ሁለተኛው በሬም ተሸጠ። ወደ መንደራቸው ሲመለሱ የዘር ወቅት ሊያልፍ ደርሶ ነበር። ላቀው መሬቱን አርሶ ምርቱን እንዲያካፍለው ለሀይሉ በእኩል ሰጠ። በእኩል የሚገኘው እህል ለዓመት ቀለብ እንኳ አይበቃም፤ በሬ መግዣ የሚሆን ትርፍ ከየትም አይገኝበትም።

ስለዚህ በመስከረም፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከሚወርዱት ጋር ለመሄድ ተነሣ። ከዚህ በፊት ቆላ ወርዶ አያውቅም። በሬ ያለው ገበሬ አይወርድማ። ሲነጋ ወደ ጎጆዋ ገብቶ ተንበረከከ።

«እማሆይ፣ ይባርኩኝ።»

እማሆይ እጃቸውን በራሱ ላይ ጫኑ። ሰብለ በር ላይ ቆማ ነበርና፣ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው እንደ ነበር አይታለች። ላቀው ቀና ብሎ ጠበቃቸው። እግዚአብሔር ይከተልህ አሉት። እሱም ሄደ።

በጥቅምት ሁለቴ ደወለ። ሥራ እንዳገኘ፣ ሙቀቱ ከባድ እንደሆነ ተናገረ፤ የእማሆይ ቁስል ደረቀ ወይ ብሎም ጠየቀ። ከዚያ በጸጥታው ችግር መንገድ ተዘጋ፤ ኔትወርክም ጠፋ። በኅዳር አብረውት ከወረዱት መካከል ጥቂቶቹ በእግር ተመለሱ። ላቀውን ወባ ይዞት፣ ከእነሱ ጋር መሄድ አቅቶት፣ ከአንድ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ እንደተዉት ተናገሩ። ሲለዩት ነፍስ ነበረው። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቅ የለም። መንደርተኛው ሰብለን ሊያጽናና ይመጣና፣ ማጽናናቱ መርዶ እንዳይመስል እየፈራ፣ ስለ መኸሩ አውርቶ ይመለሳል።

ታኅሣሥ ደረሰ። መሐሪ ለእድሳት እየዞረ ነው ሲባል ሰብለ ዶሮዎቿን ሸጣ መዋጮውን አዘጋጀች። መሐሪ ግቢው ሲገባ፣ እማሆይ በምርኩዝ ተደግፈው ከጎተራው ጥግ ቆመው አገኛቸው። ባለፈው ዓመት ሌሎቹን ባነሣበት ቦታ ነበር የቆሙት። ማንም አልነገራቸውም።

መሐሪ ስልኩን አውጥቶ አነሣቸው። ከዚያ ቅጹን ዘረጋ። ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ቢያውቅም አፉን ያዘው።

«ጠይቀኝ እንጂ» አሉት።

«ለቤቱ ኃላፊ ምኑ ልበልዎት?»

«እናቱ ነኝ።»

መሐሪ ጻፈ። ሰብለ ፊቷን ወደ ጓሮው አዞረች። ነገር ግን ቅጹ አላለቀም፤ የመጀመሪያው መስመር ባዶ ነበር። መሐሪ ሰብለን አያት፤ ከዚያ እማሆይን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዘንድሮ ቤቱ በሰብለ ስም ይሁን ወይስ እንዴት ይሻላል፣ እኔ እንደምትሉት አደርጋለሁ አለ። ላቀውን እንዲጽፍ ወይም እንዲተው መጠየቁ እንደሆነ ሦስቱም ያውቁታል።

እማሆይ ምርኩዛቸውን አጥብቀው ያዙ።

«ልጄን ጻፈው» አሉ። «መጀመሪያ እሱን ጻፍ።»

መሐሪ ያለፈውን ዓመት ፎቶግራፍ ከስልኩ ፈልጎ አወጣና የላቀውን ስም በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፈ። ከዚያ ሰብለንና ልጆቹን አስከትሎ ጻፈና መዋጮውን ተቀብሎ ደረሰኝ ቆረጠላቸው። መታወቂያው ከወር በኋላ ታትሞ መጣ። እማሆይ በየወሩ ክኒናቸውን ያገኛሉ፤ አርብ አርብ ሰብለ ትቀበልላቸዋለች። በመታወቂያው ላይ ሁሉም አሉ። ከመተማ እስካሁን የመጣ ወሬ የለም።