በወንድሜ ሐዘን የቀናሁ ጊዜ

ልጅ እያለሁ በወንድሜ እቀና ነበር። በጥጃው ወይ በአዲስ ጋቢው ቢሆን ደግ ነበር፤ እኔ የቀናሁት በሐዘኑ ነው። በሐዘን ይቀናል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይቀናል።

አባታችንን የርብ ወንዝ ነው የወሰደው። ክረምቱ ከብዶ የፎገራ ሜዳ ባሕር መስሎ ነበር። ከብቶቹን ወደ ደረቁ ሊያሻግር ጊደሯን እየሳበ ከፊት ገባ፤ መሃል ሲደርስ ውሃው አነሳው። ታላቄ ልመንህ አሥራ ሁለት ቢሆነው ነው፤ ዳር ላይ ቆሞ አየ። እኔም ከጎኑ ነበርሁ፣ ቀሚሴን በጥርሴ ነክሼ። የዚያ ጭቃና የርጥብ ከብት ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ሥር አለ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ልመንህ ዝም አለ። እህል ሲሰጡት ይቀበላል፣ ሲጠሩት ይዞራል፣ ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። የክርስትና አባቱ አያ ተድላ የሠፈሩን ወንዶች ሰብስበው «እርሻው በደቦ ከሆነ ሐዘኑም በደቦ ነው» አሉ። ተራ ገቡለት። አንዱ እርሻ ይዞት ይውላል፣ አንዱ ሞፈር ሲጠርብ አጠገቡ ያስቀምጠዋል፣ አንዱ ገበያ ይወስደዋል፤ ተናገር የሚለው ግን የለም። አያ ተድላም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው የገዛ አባታቸው የሞተ ጊዜ እንዴት እንደሆኑ ያወሩለታል። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። «አንች፣ እስቲ ውሃ አምጪልን» ይሉኛል። አመጣለሁ።

መስከረም ሲጠባ ወንዶቹ ልመንህንና አባት የሌላቸውን ሁለት ልጆች ይዘው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረዱ። ትልቁም ትንሹም ፍል ውሃው ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቶ ይቀመጣል አሉ። ወንድ ልጅ አያለቅስም በሚባልበት አገር፣ እዚያ ውስጥ ላቡ የቱ፣ እንባው የቱ እንደሆነ ማን ይለያል? ይኸን ብልሃት ወንዶቹ ሁሉ ያውቁታል፤ አንዱም ግን አያወጣውም። ልመንህ በሳምንቱ ፊቱ ቀልቶ፣ ልብሱ የፍል ውሃውን ሽታ ይዞ ተመለሰ። በሩ ላይ ሲደርስ «እማ፣ ራበኝ» አለ። እናቴ እልል አለች። እኔን ቅናቱ እንደ በርበሬ ለበለበኝ።

እናቴስ አብረዋት የሚያለቅሱ ሴቶች ነበሯት። እኔ ለሴቶቹ ልቅሶ ልጅ ነሽ ተባልሁ፣ ለወንዶቹ ደግሞ ሴት ነኝ። የክርስትና እናቴ እንደሁ አግብታ ሐሙሲት ከተማ ገብታ ቀርታለች። በልጅ ልቤ አሰብሁት፦ ዝም ያለ ሰው ወንዛዬ ይወሰዳል፤ እንግዲያ እኔም ዝም እላለሁ።

ዝም አልሁ። ኩበት ስለቅም ዝም፣ ውሃ ስቀዳ ዝም። ሳምንቱ አልፎ ወሩ ሞላ። እናቴ «እሰይ፣ ልጄ ጨዋ ሆነችልኝ!» አለች። ጎረቤታችን እትየ ስንዱ ደግሞ ወንፊት ልትዋስ በመጣች ቁጥር «ድምጧ አይሰማ፣ ኮቴዋ አይሰማ! እንዲህ ያለችቱን ነበር ለልጄ» ትላለች። ቀልድ መስሎኝ። አንድ ቀን ሦስት ሽማግሎች ደጃችን መጥተው ቆሙ፤ አያ ተድላም መሃላቸው አሉ።

«ልጅቱ ጭምት ናት ብለን ነው የመጣን» ሲሉ ሰማሁ። ከጓዳ ዘልዬ ወጣሁና ጮህሁ፦

«ጭምት አይደለሁም! ዲዳ ነኝ! ወር ሙሉ ዲዳ ስሆን አላያችሁም?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አያ ተድላ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ «የዲዳይቱ ድምፅስ ከቄሱ በለጠ!» አሉ። እትየ ስንዱም «ምላሷ ከዶማ ይረዝማል» ብላ አስወራችና ጋብቻው ቀረ። ልመንህ እንኳ ሳቀ። ሲስቅ ሳየው ደስ አለኝ፤ ደስ መሰኘቴ ራሱ አናደደኝ። ምን ሆነሽ ነው ያለኝ ሰው ግን የለም፤ ወንዛዬም አልተወሰድሁ።

ዛሬ ያ ሜዳ ሁሉ ሩዝ ሆኗል። ወረታ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዶች ልጆች ተሰብስበው የልባቸውን የሚያወሩበት ግቢ አለ፤ አንድ መምህር፣ አንዲት የጤና ባለሙያና የሠፈር ጎልማሶች አብረዋቸው ይቀመጣሉ። የልጅ ልጄ ዮናስ አባቱን ከቀበርን ወዲህ እዚያ ይሄዳል። የእኔ እግር መቀመጥ አያውቅምና ስዞር በዚያ በኩል አልፋለሁ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። አንዱ ልጅ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው ያለቅሳል፤ ሌላው ትከሻውን ይይዘዋል። ደስ ይለኛል ብል እዋሻለሁ፤ እቀናለሁ።

መምህሩን አንድ ቀን ያዝሁት። «ሴቶቹስ፣ ልጄ?»

«እነሱንም ልንጀምር ነው፣ እማማ። ትንሽ ይታገሡን።»

«ታግሼማ አረጀሁ!» አልሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ዮናስን ከበሩ ላይ ጠብቄ አብረን ወደ ቤት ስንሄድ የልመንህን ነገር አወራሁለት፤ ርብን፣ ዝምታውን፣ ፍል ውሃውን። እንደ ሁልጊዜው «እማ፣ ራበኝ» የሚለው ላይ ጨረስሁ። ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ይስቅና ወሬው ያልቃል። እሱ አልሳቀም።

«እማምየ፣» አለኝ፣ «አንችስ ወንዙ አባትሽን የወሰደ ቀን የት ነበርሽ?»

እግሬ ቆመ። አንድ ባጃጅ እያንባረቀ አለፈን። ይኸን ጥያቄ አያ ተድላ አልጠየቁኝም፣ እናቴ አልጠየቀችኝም፣ አርባ ዓመት አብሮኝ የኖረው ባሌም አልጠየቀኝም። ጢም ያላወጣ ልጅ ከአንድ ግቢ ተምሮት መጣ። እንዲህ ያለ ሰው በእኔ ጊዜ አንድ እንኳ በነበረ!

«ዳር ላይ» አልሁት። «ከልመንህ ጎን።»

እጄን ያዘኝና መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ።

«እሺ» አለኝ፣ «ከዚያስ?»