በሸረፋ ስም የሠራሁት በርጩማ

ይህ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ በአንድ የጎልማሶች የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት አናጢነት አስተምር ነበር። ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ ግን ወደ ዘነበወርቅ መሄድ ሲኖርብኝ በአቋራጩ አላልፍም። ዞሬ ነው የምሄደው። ለምን ብሎ ለሚጠይቀኝ ጭቃው ነው፣ ውሻው ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ተማሪዎቼ አሥራ ሁለት ነበሩ። ሁሉም ልጅ የወለዱ፣ አንዳንዶቹም ጺማቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው። ጠዋት ለእንጀራቸው ሲሯሯጡ ይቆዩና ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ ይመጣሉ። መፈተኛቸው ባለ አራት እግር በርጩማ ነበር። ሦስት ጊዜ ሠርቶ ሦስቱንም ያጣመመ ይሰናበታል። ይህን ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ዳይሬክተራችን ሲያነበው «እንዲህ ነው አስተማሪ!» ብሎኝ ደረቴን ነፍቼ ከቢሮው ወጥቻለሁ።

ይህ ከመሆኑ በፊት በነበረው ዓመት በዚሁ ደንብ ሦስት ሰው አሰናብቻለሁ። አንዱ ተክሌ ይባላል። የስንብት ወረቀቱን ስሰጠው ሁለት እጆቹን ገልብጦ ገልብጦ እያየ ወጣ። ምን ያያል ብዬ ስቄበታለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ተራው የሸረፋ ነበር። ሸረፋ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። አምስት ልጆቹን ያሳደገው ገበያ ውስጥ ጆንያ እየተሸከመ ነው፤ አሁን ወገቡ አልቋል። የምስክር ወረቀቱን ከያዘ የሚቀጥረው የቤት ዕቃ ማምረቻ አግኝቷል። ካልያዘ ወደ ጆንያው መመለሱ ነው፣ ጆንያው ደግሞ ከእንግዲህ አይነሳለትም። ሦስተኛው በርጩማው ሲጣመም ጊዜ «አንተ ሰውዬ፣ ልብህ የት ነው ያለው?» አልኩትና የስንብት ወረቀቱን ጽፌ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር።

በመሃል ከበላይ መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ ተላከችብን። ወይዘሪት አበበች ትባላለች። ውጭ አገር ተምራ የመጣች፣ ዕድሜዋ ከታናሽ እህቴ የማይበልጥ ልጅ ናት። ባለ ተረከዝ ጫማዋ ሰጋቱራው ውስጥ እየሰመጠ ወርክሾፑን ስትዞር ሳይ ሳቄን ያፈንኩት በመከራ ነው። መጋዝ በየት በኩል እንደሚያዝ የማታውቅ ሴት እኔን ልታስተምር መጣች አልኩ በልቤ።

አስተማሪዎቹን ሁሉ ሰብስባ ለእያንዳንዳችን ደብተር ሰጠችን። ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚያበላሹትን አንድ ነገር እንድንመርጥ፣ ለምን እንደሚበላሽ አንድ ወር ሙሉ እንድናጠና ነገረችን። የምታጠኑት ተማሪውን ሳይሆን የራሳችሁን አሠራር ነው አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ልታግዘን፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ የተበላሸውን ሥራ ይዘን ያገኘነውን በተማሪዎቻችን ፊት ልንናገር ተስማማን። ተስማማን ስል፣ እሷ ተናገረች እኛም ራሳችንን ነቀነቅን ማለቴ ነው።

እንደወጣች ዳይሬክተሩ በሩን ዘጋ። በዚህ ትምህርት ቤት የሚበላሽ ነገር የለም አለ። ከዚያ ግን ትእዛዙ በማኅተም የመጣ መሆኑ ትዝ አለውና፣ እያንዳንዱ አስተማሪ አንድ አንድ ብልሽት እንዲያዘጋጅ አዘዘ።

ሳቁብን፤ ይገባናል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀጥ ያለ ግንብ ሲገነባ የኖረው የግንበኝነት አስተማሪ ጓሮ ሄዶ በገዛ እጁ ዘመም ያለ ግድግዳ ሠራና በደብተሩ ላይ ዝናቡን ወቀሰ። የልብስ ስፌት አስተማሪዋ አንድ እጅጌው ያጠረ ሸሚዝ ሰፍታ የተማሪዎቿን የዓይን ድካም ጻፈች። እኔስ? እውነተኛውን ብልሽት ላምጣ ብልም አልችልም ነበር። የተጣመመ በርጩማ ሁሉ በማግስቱ ለጥበቃው ማገዶ ይሆናልና አንድም አልተረፈም። አንዱንም የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ፣ አገላብጬ አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ ጠማማ በርጩማ ልሠራ ተቀመጥኩ። የሚገርመው አቃተኝ። እጄ ጠማማ መሥራት አልለመደም፤ አጣመምኩ ስል ተቃንቶ አገኘዋለሁ። ከሰዓቱን ሙሉ ታግዬ፣ በመጨረሻ ኮላው ሳይደርቅ በጉልበቴ ገፍቼ አጣመምኩት። ሲደርቅ ገልብጬ ከሥሩ በእርሳስ «ሸረፋ» ብዬ ጻፍኩበት። ለምን የሸረፋን ስም መረጥኩ? ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ስለነበር ነው። በርጩማው ምስክር ይሆንልኛል ብዬ ነው። በደብተሬም ላይ ችግሩ የሠልጣኙ ቸልተኝነት መሆኑን ባማረ የእጅ ጽሑፍ አሰፈርኩ።

ወይዘሪት አበበች ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቷን አላቋረጠችም። አንድ ቀን አጠገቤ ቆማ ተማሪዎቹ በሚሠሩበት መሣሪያ እኔ ራሴ በርጩማ ሠርቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ አልኳት። የጠየቀችኝ እሱን እንዳልነበር ገብቶኛል፤ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የእኔ መሣሪያ የእኔ ነው። ስኳድራዬን፣ ማለት ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያዬን፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥኔ ውስጥ እቆልፍበት ነበር። እሱን ለተማሪ ማዋስ መፋቂያዬን ከአፌ አውጥቼ እንደ ማዋስ ነበር የሚታየኝ። ለእነሱ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠለ የትምህርት ቤቱ ስኳድራ ነበራቸው። አንዱን ለአሥራ ሁለት እየተቀባበሉ ይለኩበታል።

ቀኑ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። ተማሪዎቹ ከኋላ በአግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ዝናቡና የዓይን ድካሙ ተነበበ፣ ተጨበጨበ። የእኔ ተራ ሲደርስ በርጩማውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ደብተሬን አነበብኩ። ጨርሼ ከሥሩ ያለውን ስም ለማሳየት ገለበጥኩት።

ሸረፋ ከኋላ ተነሣ። ቆቡን በእጁ ይዟል።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ የእኔ አይደለም» አለ። «የእኔ ወደ ቀኝ ነው የሚጣመመው። ይሄ ወደ ግራ ነው።»

ዳይሬክተሩ ተቀመጥ አለው። ወይዘሪት አበበች ግን እንዲያስረዳት ለመነችው። ሸረፋም ሦስቱም በርጩማዎቹ ከየትኛውም ጎን ቢታዩ እግራቸው ወደ ቀኝ እንደሚጣመም፣ ቢያርም ቢያርም አልቃና እንዳለው ተናገረ። ከአጠገቡ ያለው ሰው የእኔም ወደ ቀኝ ነው አለ። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ፤ በኋላ በዓይን ግምት አቃንቼ ነው ያለፍኩት አለ። አንድ በአንድ ዞሮ አሥራ ሁለቱም ወደ ቀኝ አሉ። ወደ ግራ ያጣመመ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ክው አልኩ። ስለ ውሸቴ መጋለጥ ብቻ አይደለም። ሙያዬ አናጢነት ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው ወደ አንድ ወገን ሲሳሳት ጥፋቱ ከእጅ እንዳልሆነ ለማወቅ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር። ማንም ሳያዘኝ ሄጄ ስኳድራውን ከምስማሩ አወረድኩ። ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ አስጠግቼ መስመር አሰመርኩ። ገለበጥኩትና በዚያው ነጥብ ላይ ሁለተኛውን አሰመርኩ። ስኳድራ ልክ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ይተኛሉ። እነዚህ ግን እንደ መቀስ አፍ ተከፈቱ። ይህን መፈተኛ እኔ ሙያ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተማርኩት። ተማሪዎቼን ግን እንጨቱን ፈትሹ እንጂ ስኳድራውን ፈትሹ ብያቸው አላውቅም። መቼ ወድቆ እንደተጣመመም አላውቅም።

ወይዘሪት አበበች መስመሮቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ያለፈው ዓመት ተማሪዎችስ የሚለኩት በምን ነበር?»

«በዚሁ» አልኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ የራሴን ስኳድራ ከሣጥን አውጥቼ ለሸረፋ ሰጠሁት። አራተኛውን በርጩማ ሠራ። መሬት ላይ ሲያስቀምጠው ቀጥ ብሎ ቆመ። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁትም። የስንብት ወረቀቱን ከዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አንስቼ ቀደድኩት። ሸረፋ የምስክር ወረቀቱን ወስዶ ሥራውን ያዘ።

ደብተሬንም እንደ አዲስ ጻፍኩ። በዚህኛው ሁለት መስመር ብቻ ነበረበት። ስኳድራው ጠማማ ነው፣ ያልፈተሽኩት እኔ ነኝ ይላል። ዳይሬክተሩ አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። የመጀመሪያው ማኅተም ስላረፈበት እሱ ወደ በላይ ተላከ። ወይዘሪት አበበች በዚያው ሰሞን ወደ ጠቅላይ ግዛት ተዛውራ ስለነበር የጠየቀ የለም። ከሁለት ወር በኋላ ስለ ሠልጣኞች ቸልተኝነት ላደረግሁት ጥልቅ ጥናት የምስጋና ደብዳቤ መጣልኝ። ዳይሬክተሩ ቢሮው ውስጥ እንዲሰቀል ክፈፍ አሠራለት። ክፈፉን የሠራሁት እኔው ነኝ። አራቱም ጥግ ልክ ነው።

እስከዚህ ድረስ በዳይሬክተሩም፣ በግንበኛውም፣ በበላይ መሥሪያ ቤቱም ስስቅ ኖሬአለሁ። የሚያስቀኝ ግን እዚህ ላይ ያበቃል።

የወይዘሪት አበበች ጥያቄ አላስተኛ አለኝ። ያሰናበትኳቸውን ሦስት ሰዎች መፈለግ ጀመርኩ። ሁለቱ የውሃ ሽታ ሆኑ። ተክሌን ግን ሸረፋ ያውቀው ነበር፤ ዘነበወርቅ በአቋራጩ መንገድ ዳር፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሽንኩርት ይሸጣል አለኝ። ሄድኩ።

ለአንዲት ሴት ሽንኩርት ሲመዝን ደረስኩ። ጨርሶ እስኪሸኛት ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስኳድራውን፣ መስመሮቹን፣ እሱ ምንም ጥፋት እንዳልነበረበት። ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲመለስ እንደማደርግም ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ልክ እንደዚያን ቀን እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

«ጋሼ» አለ፣ «እኔ እኮ ለሚስቴ እጄ ነው እንቢ ያለኝ ብያት ነው የምኖረው። መጋዝና መላጊያ ስገዛ የአንገቷን ወርቅ ሸጣልኝ ነበር። አሁን እኔ ብነግራት አታምነኝም። እሑድ ቤት ናት። መጥተው እርስዎ ይንገሯት፤ ከዚያ እመለሳለሁ።»

እመጣለሁ አልኩት። እጁንም ጨበጥኩት።

እሑድ ካፖርቴን ለብሼ ሄድኩ። ቤቱ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ከአጥሩ ጥግ ቆምኩ። ሚስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ተክሌ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሽንኩርቱን ወደ ውስጥ አስገብቶታል። ከፊታቸው አንድ ባዶ ወንበር ወጥቷል። ወንበሩ ላይ ፎጣ ተነጥፎበታል፤ ለእንግዳ ነው።

ለበላይ መሥሪያ ቤት እንዲደርስ ብዬ ጥፋቴን በጽሑፍ ያመንኩ ሰው ነኝ። በአሥራ ሁለት ተማሪ ፊትም ስኳድራውን ገልብጬ አሳይቻለሁ። አንዲት የአንገቷን የሸጠች ሴት ፊት ተቀምጬ ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት አልቻልኩም። ለትንሽ ጊዜ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ዞርኩና በመጣሁበት ተመለስኩ። በሌላ ቀን እሄዳለሁ አልኩ ለራሴ። ሌላ ቀን የሚባለው እስከ ዛሬ አልመጣም።

በዚያ ሰሞን የሰውን ሁሉ ብልሽት በዓይኔ መለካት እወድ ነበር። አሁን ራሴን ሳስበው ያስጠላኛል፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ተክሌ ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሰም። እኔም በአቋራጩ አላልፍም።