የአንድ ቀን ስህተት

ሰዓት ጠጋኙን ሰፈሩ «ደቂቃ» ይለዋል። ደንበኛው አምስት ደቂቃ ካረፈደ ፊቱን ያጠቁርበታል። ኮከብ መቁጠርም ያውቃል፤ ሰው የተወለደበትን ዕለት የሰማይ ካርታ ይሥልና ከዚያ በኋላ ያለችውን እያንዳንዷን ቀን እንደ አንድ የዕድሜ ዓመት ቆጥሮ፣ በስንት ዓመቱ ምን እንደሚገጥመው ይናገራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሱቁን መሳቢያ ሲያጸዳ የሴት ልጁን የድሮ ካርታ አገኘ። በሃያ ዓመቷ ሌላ ከተማ ሄዳ ነርስነት ልትማር ስትል «ጨረቃሽ ዘንድሮ ጥላ ውስጥ ናት፤ አርፈሽ ተቀመጪ» ብሎ ያስቀራት በዚህ ወረቀት ነው። ቆጠረው። ደግሞ ቆጠረው። አይ ደቂቃ! የተወለደችበትን ዕለት ራሷን አንድ ብሎ ጀምሯል። ጥላው ለካ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አልፎ ነበር። በደቂቃ ሰው የሚያስለቅሰው ሰውዬ ሙሉ ዓመት ስቷል።

ልጁ እዚያው ሱቅ የሰዓት ማሰሪያ መሸጥ ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል።

«ልጄ፣» አላት አንገቱን ደፍቶ፣ «ካርታሽ ላይ ቆጠራውን በአንድ ቀን ስቻለሁ። መሄድ ነበረብሽ።»

ቀና ብላ እንኳ ወረቀቱን አላየችውም። «ያኔውኑ ቆጥሬዋለሁ አባዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ እኮ ቆጠራ አትስትም። ሆን ብለህ ያደረግከው መስሎኝ ነበር፤ እማዬ ከሞተች ወዲህ ብቻህን መቅረት ፈርተህ።»

ሆን ብዬ አይደለም ሊላት አፉን ከፈተ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ እየቆጠሩ ጠበቁት፤ ቃሉ ግን አልወጣ አለው።