የደልመር ቆርቆሮ

በእኛ የኬንታኪ ሸለቆ ወይዘሮ ኦርፋ ስቲዳምን የምታህል ትሑት ሴት አልነበረችም፤ ራሳቸው ነግረውናል። ከጨርቅ ቁርጥራጭ በሚሠሩት በእያንዳንዱ ብርድ ልብስ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቁራጭ ሆን ብለው ገልብጠው ይሰፋሉ። «ፍጹም ሥራ የእግዚአብሔር ብቻ ነው» ይላሉ። ያቺ ቁራጭ ባትኖር ፈጣሪ ተፎካካሪ በመጣበት ነበር ማለታቸው ነው።

ሐሙስ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሴቶቹን ያስተምራሉ። የትምህርቱ ሁሉ መሠረት ሟቹ ባላቸው ደልመር ከባልዲ ክዳን የቆረጠላቸው የቆርቆሮ ልክ ነው። ቆርቆሮውን ጨርቁ ጀርባ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ማስመር፣ ለስፌት ጥቂት ትርፍ ትቶ መቁረጥ፣ መስመሩን ይዞ መስፋት። ስምንት ሹል ቁራጮች ሲጋጠሙ ኮከብ ይሆናሉ። ኮከቡ መሀሉ ላይ እንደ ባርኔጣ ካበጠ ጥፋቱ የተማሪዋ እጅ ነው። የሁሉም ያብጥ ነበር። የመምህርቷም ያብጣል፤ እሳቸው ግን በትኩስ ካውያ ይደፍቁታል።

የልጃቸው ሚስት ሊዮታ ከተራራው ማዶ የመጣች ናት። ወይዘሮ ኦርፋ ስፌቷን ደጋግመው አስፈቷት። በመጨረሻ ሊዮታ የአንድ ወረቀት ጥግ እኩል ለሁለት አጠፈችና የቆርቆሮውን ጫፍ አስገባችበት። እጥፉ ለስምንት ቁራጭ ኮከብ ትክክለኛው ልክ ነው፤ ቆርቆሮው ግን የፀጉር ያህል ሰፍቶ ተረፈ።

«እማማ ኦርፋ፣ አይቆጡኝና ቆርቆሮው ከልኩ አልፏል።»

«ደልመር የቆረጠው? ደልመር ይሳሳታል?»

ሚስቴን ልወስድ መጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ደልመር የአጥር ጎረቤቴ ነበር። በር ቢሰቅል፣ እንጨት ቢፈልጥ አንድ ቀን በሚስቱ «አበጀህ» ተብሎ አያውቅም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው፤ ከተቀበረ ወዲህ ስህተት ተገኝቶበት አያውቅም። ሙታንን የምናከብረው ከፍቅር ብቻ አይመስለኝም፤ በእነሱ ልክ የቆረጥነው የራሳችን ጨርቅ ስለበዛ ነው። ቆርቆሮው ከተሳሳተ ስንት ሴት በከንቱ «እጀ ሰባራ» ተብላለች፤ ወይዘሮ ኦርፋስ ምን ሲያስተምሩ ኖሩ?

ሴቶቹ መርፌያቸውን አስቀምጠው ጠበቁ።

«እብጠቱ... ሆን ተብሎ ነው» አሉ ወይዘሮ ኦርፋ በመጨረሻ። «ለትሕትና።»

«እሺ እማማ። ታዲያ ያቺ አረንጓዴዋ ለምንድን ናት?»

አንዷን የበቆሎ ዳቦ ትን አላት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ወይዘሮ ኦርፋ ቀድመው ተገኙ። የቆርቆሮው ጫፍ በሞረድ ተበልቶ ያብረቀርቃል። ጠረጴዛው ላይ ድሮ በውድድር የተሸለሙበት ብርድ ልብስ ተዘርግቷል፤ አልተተኮሰም፤ ኮከቡ ጉች ብሏል። አረንጓዴዋ ቁራጭ ግን ተፈትታ፣ ተቃንታ ተሰፍታለች።

ሚስቴ ዙሪያውን ፈለገች። «ኦርፋ፣ ስህተትሽን የት አደረስሻት?»

«ደልመርን ጠይቂው!» አሉ ወይዘሮ ኦርፋ ጉች ያለውን ኮከብ እየጠቆሙ። «በር እንኳ አቃንቶ ሰቅሎ የማያውቅ ሰው!»

ይቅርታ የተጠየቀ ማንም የለም። ቆርቆሮውን ለሊዮታ ወረወሩላት።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል? ይልቅ ያቺን ወረቀት እንዴት እንዳጠፍሻት አሳዪኝ።»