ትንሽ ያዢልኝ

ጋምቤላ የተመደብኩት አጭሩን የመምህርነት ኮርስ እንደጨረስኩ ነው። ሃያ ዓመት በቅጡ አልሞላኝም ነበር። ከጎሬ በጭነት መኪና ቁልቁል ስወርድ ሙቀቱ ከመኪናው ወለል እየተነሳ ሲመጣ ትዝ ይለኛል። ጊዜው ደርግ በየቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ይከፈት ያለበት ነው። የእኛ መዋዕለ ሕፃናት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ያለ፣ ግድግዳው እስከ ወገቡ ብቻ የተመረገ የሣር ዳስ ነበር። ከጎኑ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ እውነቱን ለመናገር ትምህርቱ የሚካሄደው ከዛፉ ሥር ነው። ልጆቹ የአኙዋክ፣ የኑዌርና የደገኛ ልጆች ናቸው። አማርኛ የማይሰማ ልጅ ሲመጣ ሌላው ይተረጉምለታል፤ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም የሁሉንም ቋንቋ ይቀላቅላል።

መጋቢት ላይ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጣል። ረፋድ ላይ ልጆቹን ልብሳቸውን አስወልቄ ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዳሁ ውሃ አፈስባቸዋለሁ። ከመዝሙሩም ከፊደሉም ይልቅ የሚወዱት ይህንን ነበር። አንዲት ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ብቻ ቀሚሷን አላወልቅም ትላለች። ለምን ስላት "ይበርደኛል" አለችኝ። በመጋቢት፣ በጋምቤላ።

አንድ ቀን ልጆቹ ሲራጩ ውሃው እሷም ላይ ደረሰና ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ ሰንበር ታየኝ። ወደ ዳሱ ወስጄ ቀስ ብዬ ገለጥኩት። ያረጀም ነበር፣ ትኩስም ነበር። ምን ሆነሽ ነው አልኳት። ወድቄ ነው አለች፤ ዓይኔን ግን አላየችም።

እናቷን አውቃታለሁ። ከኔ ብዙም አትበልጥም። ከጎጃም ወታደር አግብታ እስከዚህ ተከትላው የመጣች ናት። ባሏ ወደ ሰሜን ግንባር ከተላከ ወዲህ ብቻዋን ቀርታለች። ከልጅቷ ሌላ ገና መሄድ የጀመረ ወንድ ልጅና የምታጠባው ሕፃን አላት። የካምፑን ወታደሮች ልብስ እያጠበች ነው የምታድረው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ያላትን አንድ በርጩማ ለኔ ሰጥታ እሷ መሬት ተቀመጠች። ኮርሱ ላይ ስለ ልጆች አያያዝ የተማርኩትን ነገርኳት። ሕፃኑን እያጠባች አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ፤ "እሺ ቲቸር" አለች፤ እስከ በሩም ሸኘችኝ። ደህና ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ልጅቷ መምጣት አቆመች።

ቀናት አለፉ። ቤታቸው ደጃፍ ስመላለስ፣ ከአጥሩ ወዲያ የምትኖር አንዲት የአኙዋክ ሴት ጠራችኝ። ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች ጠንካራ ሴት ናት፤ ዘወትር ደጇ ላይ ተቀምጣ ከቅል የተሠራች የትምባሆ ጋያዋን ታጨሳለች። አማርኛዋ ሴቱን ሁሉ ወንድ ያደርጋል። በእሷ አማርኛ "አንቱ" የሚባል ነገርም ስለሌለ እኔም በዕድሜ እናቴ ብትሆንም አንቺ እያልኩ ነበር የማወራት።

"ልጁን ትፈልጋለህ? አይመጣም" አለችኝ። ልጅቷን ማለቷ ነው፤ እኔንም ወንድ አድርጋኛለች። "እናቱ ፈርቷል።"

ከአጥሩ ወዲህ ሆና የምትሰማውን ነገረችኝ። ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ትንሹ ልጅ የታጠበ ልብስ ላይ ጭቃ ሲረግጥ፣ ዱላው የሚያርፈው ትልቋ ላይ ነው፤ ለምን አልጠበቅሻቸውም ተብላ። ታዲያ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ ስላት ጋያዋን ከአፏ አወጣች።

"ሲመታ ስሰማ እጠራዋለሁ። ጨው ስጠኝ እላለሁ። ጨው ይዞ ይመጣል። ሲመጣ መምታት ይረሳል።" ወደ ቤቷ በእጇ እያሳየች ፈገግ አለች። "እኔ ጨው አለኝ። ብዙ ጨው አለኝ።"

የተከራየሁት ከጅማ የመጡ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር። ሚስታቸው የቀበሌው ሴቶች ማህበር ውስጥ ሰሚ ያላቸው ሴት ናቸው። ማታ እራት ላይ ያየሁትንና የሰማሁትን ስነግራቸው ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ይነሳል አሉ።

ቅዳሜ ሴቶቹ ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። የአኙዋኳ ጎረቤትም ጋያዋን ይዛ መጣች። የቀበሌው ሊቀመንበርም ወሬው ደርሶት ኖሮ መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት የሚፈልግ ሰው ነበር። እኔ ተነስቼ የሴትየዋን ስም ሳልጠራ ጉዳዩን ተናገርኩ፤ ማን እንደሆነች ግን ሁሉም አውቋል። ሊቀመንበሩ ጥቂት ቀን እናስራት፣ ለሌሎችም ትምህርት ይሆናል አለ። ከሴቶቹ አንዷ ደግሞ በዚህ ሰው ይታሰራል እንዴ፣ እኛስ ሳንገረፍ ነው ወይ ያደግነው ብላ ተቃወመች። ብዙዎቹ ሳቁ፤ እውነትም ነው የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተሰማ።

የነጋዴው ሚስት እስኪረጋጋ ጠበቁና ተነሱ።

"በዚህ ጆሮዬ እንደማልሰማ የምታውቁ አላችሁ?" አሉ ግራ ጆሯቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየነኩ። "አባቴ መትቶኝ ነው። በዚህች ልጅ ዕድሜ ሳለሁ። አባቴ ይወደኝ ነበር፤ አሁንም አላህ ይማረው እላለሁ። ጆሮዬ ግን አልተመለሰም።"

ማንም አያውቅም ነበር። እኔ እንኳ ግቢያቸው እየኖርኩ፣ ስጠራቸው ዝም የሚሉኝ ሐሳብ ላይ ሆነው ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአኙዋኳ ሴት ተቀምጣ እንዳለች ሊቀመንበሩን ጠየቀችው።

"ታስራለህ፣ እሺ። ሕፃኑን ማን ያጠባል? አንተ?"

ሊቀመንበሩ ራሱ ሳቀ። የማሰሩ ነገርም በዚያው ቀረ። ውይይቱ ስለ ቅጣት መሆኑ አብቅቶ ምን እናድርግላት ወደሚለው ዞረ። ትንሹ ልጅ ዕድሜው ባይደርስም ከእህቱ ጋር ዳሱ ይምጣ ተባለ። የአኙዋኳ ሴት ሕፃኑን ከቀትር በኋላ እኔ እይዛለሁ አለች። የነጋዴው ሚስት ደግሞ እሷን ለኔ ተዉልኝ አሉ።

በማግስቱ አብሬያቸው ሄድኩ። ሴትየዋ ስታየን ደሟ ተለወጠ፤ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ግድግዳው ጥግ ቆመች።

"ልጆቼን ልትወስዱብኝ ነው?"

"አይደለም የኔ ልጅ" አሏት። "ልብስ ላጥብ ነው የመጣሁት።"

አላመነችም። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከወታደሮቹ ልብስ ክምር ግማሹን ሳፋ ውስጥ ከተቱና ራሳቸው ተሸክመው ወደ ወንዝ መንገድ ያዙ። ቤታቸው ሠራተኛ ያላቸው የነጋዴ ሚስት፣ የወታደር ቆሻሻ ልብስ ተሸክመው ሲሄዱ ሰፈሩ ሁሉ አየ። እናትየውም ሕፃኑን አዝላ ቀሪውን ይዛ ተከተለቻቸው።

ባሮ ዳር ልብስ ሲታጠብ አንድ ሰው ዝም ብሎ ውሃውን ያያል፤ አዞ አለ። እነሱ ሲያጥቡ እኔ ውሃውን ሳይ ነበር። ግማሹ ልብስ ሲታጠብ እናትየው ሳትጠየቅ መናገር ጀመረች። ሕፃኑን አርግዛ ሳለች ወባ ሲጥላት ውሃ የሚሰጣት ሰው አጥታ ያቺው ልጅ በጣሳ እያመጣች እንዳጠጣቻት፤ ስለ ባሏ ምንም ወሬ ከሰማች ብዙ ጊዜ እንደሆናት፤ እሷም ወላጆቿ ሞተውባት አክስቷ ዘንድ እንዳደገችና እዚያ ያየችውን። ልጇን ስትመታ የአክስቷ ድምፅ ከራሷ አፍ ሲወጣ እንደምትሰማ ነገረችን። "ከዚያ በኋላ እሷ ትተኛለች፣ እኔ ቁጭ ብዬ አያታለሁ" አለች። የነጋዴው ሚስት ምንም ምክር አልሰጧትም። አንድ ከባድ ሱሪ ጫፍ ለጫፍ ይዘው አብረው ጨመቁት።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ አንዳንድ ሴት ከእሷ ጋር ወንዝ ትወርድ ጀመር። ልጅቷም ወንድሟን ይዛ ወደ ዳሱ ተመለሰች። ዱላው ግን ያኔውኑ አልቀረም። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ አንዳንዴ አዲስ ሰንበር እናይ ነበር። ሴቶቹ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ እኔ በተለይ እቆርጥ ነበር። የአኙዋኳ ሴት ግን ጨው መለመኗን አላቋረጠችም።

ክረምት ላይ አንድ ቀን፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ገና ሳይጠጥር፣ ጠዋት ልጅቷ አልመጣችም ነበር። ወደ ቀትር ገደማ እናትየው ልጅቷን እጇን ይዛ እያስሮጠች በአጥሩ በር ገባች። ባዶ እግሯን ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ነው። የፈራሁት ነገር የደረሰ መሰለኝና ልጅቷን ዓይኔ መረመራት። ምንም አልሆነችም።

"ትንሽ ያዢልኝ" አለች እያለከለከች። "እጄ ተነስቶ ነበር። ሳላወርደው ይዣት መጣሁ።"

ተቀበልኳት። እናትየው እዚያው ማንጎው ሥር ተቀምጣ ፊቷን በሳሙናማ እጇ ሸፍና አለቀሰች። ልጆቹ መዝሙራቸውን አቁመው ያይዋት ጀመር። አንዱን ልጅ ልኬ የአኙዋኳን ሴት አስጠራሁ። መጣች፤ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ጋያዋን አቀጣጠለች። በኋላ ተነስተው አብረው ሄዱ፤ ልጅቷ እስከ ማታ እኔ ጋ ዋለች፤ ሲመሽ እናቷ ራሷ መጥታ ወሰደቻት። ከዚያ ቀን በኋላ ሰንበር አላየሁባትም።

ወሬው በሰፈሩ እንዴት እንደዞረ አላውቅም፤ እናቶች አንዳንዴ ያለ ሰዓቱ ልጅ ይዘው ብቅ ይሉ ጀመር። ምክንያት አይናገሩም፤ እኛም አንጠይቅም። ትንሽ ያዢልኝ ብለው ልጁን ትተው ይሄዳሉ፤ ቀዝቀዝ ሲሉ ተመልሰው ይወስዱታል። አንድ ቀን አንድ ዓሣ አጥማጅ አባት ልጁን በአንድ እጁ፣ ዓሣ በሌላው ይዞ መጣና ሁለቱንም አስረክቦኝ ሄደ። ሊቀመንበሩ የዳሱን ግድግዳ አስመርጎ ጨረሰልን፤ የሴቶች ማህበሩ ሰሌን አዋጣ።

ሁሉም አልተሳካልንም። የእንጀራ አባቱ የሚደበድበው አንድ ልጅ ነበረን። ሴቶቹ ገና ወደ ቤቱ መሄድ እንደጀመሩ ሰውዬው ቤተሰቡን ይዞ ወርቅ ፍለጋ ወደ ዲማ ሄደ። ከዚያ በሚመጡ ሰዎች ብናስጠይቅም የልጁን ወሬ የነገረን የለም። እስከዛሬ ሳስበው ደስ አይለኝም።

የልብስ አጣቢዋ እናት ባል መርዶ የመጣው በተከታዩ ዓመት ነው። ሊቀመንበሩ ብቻውን ሊነግራት አልደፈረምና ሴቶቹን ሰብስቦ አብሮ ሄደ። ሁላችንም ለልጆቹ ፈርተን ነበር፤ ሐዘኑ ምን ያደርጋት ይሆን ብለን። ሴቶቹ ተራ ገብተው አልተለይዋትም። ደገኛውም አኙዋኩም በየወጉ አለቀሰላት። ለቅሶው ላይ ከገባሁ እስክወጣ ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ነበረች፤ እግሯ ረዝሞ መሬት እየነካ። እናትየው ፀጉሯን እየደባበሰች ሰው ሲገባና ሲወጣ ታያለች።

ሐዘኑ ሲበርድ ማህበሩ ዳሱ ውስጥ ሞግዚት አድርጎ አስቀጠራት። የሚያለቅስ ልጅ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ቶሎ ዝም ይል ነበር። ከተናደደች ማንጎውን ዞራ ትመለሳለች። ልጅቷ አንደኛ ክፍል ስትገባ እኔ ወደ መቱ ተዛወርኩ።

ከደርግ ውድቀት ጥቂት ዓመታት በኋላ ባላቸው የሞተባቸውን የነጋዴውን ሚስት ጅማ ውስጥ፣ ልጃቸው ቤት አገኘኋቸው። በደህናው ጆሯቸው በኩል ተቀመጥኩና ስለ እናትየዋ ጠየቅኳቸው። መንግሥት ሲለወጥ ልጆቿን ይዛ ወደ ባሏ ዘመዶች ጎጃም ገብታ ነበር አሉኝ። መሬትም ሰጥተዋት ነበር፤ አልከፉባትም። ዓመት ሳይሞላት ግን ልጆቿን ሰብስባ በቡና ጭነት መኪና ተመልሳ ጋምቤላ ወረደች። ለምን መጣሽ ሲሏት፣ እዚያ ልጅ ስትቆጣ የሚጠራት ሰው እንደሌለ ነግራቸዋለች። የአኙዋኳ ጎረቤትም ሮጣ መጥታ በሕፃንነቱ ትይዘው የነበረውን ልጅ አቀፈችው፤ በቋንቋዋ ብታናግረው ግን መመለስ አቃተው። በአንድ ዓመት አስረሳኸው ብላ እናቱን እንደ ልማዷ ወንድ አድርጋ ስትቆጣ፣ እሳቸው ያኔ ጋምቤላ ሱቃቸው በር ላይ ሆነው እስኪደክማቸው ስቀዋል።