የሞንካርቪሉ ደወል ደዋይ

ጎስለን የሞንካርቪልን ደወል ሠላሳ አንድ ዓመት ሲደውል የግራ ጆሮው ደንቁሯል። ንጉሡ ቅብዐ መንግሥት የተቀባ ዕለት ደግሞ ከጧት እስከ ማታ ገመድ ሲስብ ውሎ ትከሻው ወለቀ። ሚስቱ ኦድሊን በሞቀ ስብ እያሸችው፣ "ቅባቱ ለንጉሥ፣ ሕመሙ ላንተ!" ብላ ሳቀችበት። እሱ አልሳቀም። ጳጳሱ በንጉሡ ግንባር ላይ ያፈሰሰው ዘይት እስከ ጎጆው የሚወርድ በረከት መስሎት ነበር። ሞኝ ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት ንጉሡ ንግሥቲቱ ሰለቸችውና ወደ ገዳም አባሮ የአጎቱን ልጅ አገባ። ጳጳሱ "ፍታት" አለ። ንጉሡ "አልፈታም" አለ። ጳጳሱም ንጉሡን ትቶ አገሩን አወገዘ። አብያተ ክርስቲያናት በእሾህ ታጠሩ፣ ደወሉ ዝም አለ፣ ማንም ሟች በቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይቀበር ተከለከለ። ንጉሡ ከአደኑ፣ ጳጳሱም ከማዕዱ አልጎደለም። የጎደለበት ድሃው ነው።

በዚያው መከር ኦድሊን ንዳድ ያዛትና በሰባተኛ ቀኗ ሞተች። ጎስለን ወደ ደብሩ ቄስ ሮጠ። አባ ጓሪን የዝይ ጥብስ እየበላ ነበር።

"አባ፣ ኦድሊን አረፈች።"

"ነፍስ ይማር። ግን ቅጥር ውስጥ አይሆንም፤ ታውቃለህ።"

"እሷ ምን አጠፋች?"

"እሷማ ምንም። ያጠፋው ንጉሡ ነው።"

"እንግዲያ እሱ ሲሞት አይቅበሩት! እሷ ምን ቤት ናት ብለው ነው?"

"ሕዝብ ካልጮኸበት ንጉሥ አይሰማም፣ ጎስለን። ጳጳሳችን ብልህ ናቸው።"

"የሚስቴ ሬሳ ነዋ ጅራፋቸው!"

"አፍህን ሰብስብ!" አለ ቄሱ፣ ጣቱ ላይ የቀረውን ስብ እየላሰ።

ጎስለን ከጎጆው ጀርባ ባቄላው መሐል ጉድጓድ ቆፈረ። ጎረቤቱ ኤሬንቡርግ ሬሳውን አብራው ተሸከመች። ፍትሐት የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ከቅዳሴ ላይ የለቀሙትን ላቲን ትርጉሙ ሳይገባቸው፣ ግማሹን አዛብተው ደገሙላት። ከዚያ አፈር አለበሷት።

በጸደይ መሳፍንቱ "አገሩን ላስወገዘ ንጉሥ የገባነው መሐላ ፈርሷል" ማለት ጀመሩ። ያኔ ንጉሡ ባንዴ ንስሐ ገባ። ከፈረሱ እስከ ካቴድራሉ ደጃፍ አሥራ ሁለት እርምጃ በባዶ እግሩ ሄደ፤ ያውም ጭድ ተነጥፎለት። ጳጳሱ ሳመው፤ ለዚህም ከንጉሡ ሰፊ ደን ተሸለመ። ንግሥቲቱ ተመለሰች፤ በሳምንቱ ግንብ ውስጥ ተዘጋባት።

ንጉሡና ጳጳሱ ጎን ለጎን በሞንካርቪል ሊያልፉ ሲሉ አባ ጓሪን እያለከለከ መጣ።

"ጎስለን! ደረሱ እኮ፣ ቶሎ በል!"

"ገመዱ ያውልዎ።"

"አበድክ እንዴ? ንጉሡና ጳጳሱ ታርቀው አብረው ናቸው!"

"ድሮስ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ?"

ቄሱ ድምፁን አለሰለሰ። "ኦድሊንንም አውጥተን ቅጥሩ ውስጥ እናሳርፋታለን። ተፈቅዷል። እኔው ራሴ እፈታታለሁ።"

"እንዳይነኳት! ከእናንተ ባቄላው ይሻላታል።"

አባ ጓሪን ገመዱን ራሱ ሳበ። ደወሉ በማንኪያ እንደተመታ ድስት ተንኳኳ። ጎስለን ቆቡን ሳያወልቅ መንገድ ዳር ቆሞ ንጉሡን አየው፦ አጭር ነው፣ ጉንፋን ይዞታል፣ ንፍጡን በጓንቱ ይጠርጋል።

"ይሄ ነው?" አላት ኤሬንቡርግን።

"ይኸው ነው። ምን መስሎህ ኖሯል?"

ጎስለን ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ቅርጫት እየሠራ ኖረ፤ የደወሉ ማማ ላይ ዳግም አልወጣም። ቅዳሴ ግን አላስታጎለም። ቄሱ ለንጉሡ ከሚጸለየው ጸሎት ሲደርስ ተነሥቶ ይወጣል፤ ውጭ ሽንቱን ሸንቶ፣ ጸሎቱ ሲያልቅ ተመልሶ ይገባል።